ርቀታቸውን የጠበቁት እትዬ በለጡ

ሰውን ከቢሮ ማስወጣት ቀላል ነው። አንዲት ወረቀት ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ኮሮና የገባ ሰሞን ያቺን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ። «ቢሮው ላልተወሰነ ጊዜ ዝግ ነው» ትላለች። ማስቲሹ ሳይደርቅ በቢሮው በኩል ከዘበኛችን ከኦቦ ደቻሳና ከአንዲት ድመት በቀር ነፍስ ያለው ነገር አልቀረም። እንዲህ ቶሎ የተፈጸመ ትእዛዝ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው።

የምሠራው ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ነው፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል። ክፍሉ ማለት እኔና አንድ የፋይል ሣጥን ነን። ሳሙናውን የሚሠሩት ሠራተኞች አንድም ቀን ቤታቸው አልዋሉም፤ ያን ጊዜ ሳሙና ከዳቦ እኩል ይፈለግ ነበር። የተዘጋብን እኛ የቢሮዎቹ ነን፤ ሀያ አራት ሰዎች። እኛ ከቀረን ወዲህ ምርቱ ጨመረ ብለው የሚያወሩ አሉ። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ይህን ወሬ አላስገባሁትም።

ወደ ቢሮ ተመለሱ የተባለ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ስልክ ደወሉልኝ።

«የዘጋኸን አንተ ነህ» አሉኝ። «አንተው ሰብስበህ አስገባን። አንድ ሰው ቢታመም ደግሞ የምጠይቀው አንተን ነው።»

በዚህ መንገድ «የሠራተኞች በደኅና ወደ ሥራ መመለስ ጉዳይ አስተባባሪ» ሆንኩ። በአንድ ትንፋሽ ለማለት ሁለት ቀን ተለማምጃለሁ። ባለቤቴ ሹመት መስሏት ቡራዩ ውስጥ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። እኔም አላረምኳትም፤ ሰው እኮ ስንት ጊዜ ይሾማል? ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ አርባ አንድ አንቀጽ ያለው መመሪያ አዘጋጀሁ። አንቀጽ አንድ «ርቀት ይጠበቅ» ይላል። የቀሩት አርባዎቹ አንቀጽ አንድን ያብራራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያቺን ሽጉጥ የምትመስል የሙቀት መለኪያ ለኦቦ ደቻሳ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋትና መለሱልኝ።

«ሰው ግንባር ላይ አልደግንም» አሉ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ አትተኩስም እኮ!»

«ባትተኩስስ? ሰው በጠዋት 'አካም ቡልተኒ' ብሎኝ ሲገባ እኔ ግንባሩ ላይ ልደግን? ነውር አይደለም?»

ለምኜ ለምኜ እጅ ላይ እንዲለኩ ተስማማን። ሰበታ የዚያን ዕለት ብርዱ ለጉድ ነበር። ሠራተኛው ከሰርቪስ ወርዶ፣ በር ላይ ተራርቆ ተሰልፎ፣ እጁ ደርቋል። ኦቦ ደቻሳ እየለኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ። «ሠላሳ ሁለት!» «ሠላሳ አንድ ተኩል!» «ሀያ ዘጠኝ!» ሀያ ዘጠኙ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። መመሪያዬን ገልጬ ሳየው በሀያ ዘጠኝ ሰው በሕይወት አይኖርም። እሳቸው ግን በሕይወት ብቻ ሳይሆን በቁጣም ነበሩ። ከሁላችንም ልኩ ሠላሳ ስድስት ተኩል የሆነው የግዢ ሠራተኛው ከድር ብቻ ነው፤ ሰርቪሱ አምልጦት ከአስፋልቱ ጀምሮ ሮጦ ስለመጣ ሰውነቱ ሞቋል። ከሁሉም የተለየ እሱ ስለሆነ ጠረጠርነውና ግማሽ ቀን ውጪ አቆምነው።

እጃችንን እንታጠብ ብለን ስንሄድ ደግሞ ሳሙና የለም። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ! ንብረት ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። «ሳሙና ከመጋዘን የሚወጣው ለደንበኛ ነው፤ ቢሮው ደንበኛ አይደለም» ተባልኩ። ደንበኛ ለመሆን ማመልከቻ ጻፍኩ። እስካሁን መልስ እየጠበቅኩ ነው። በመጨረሻ ከድር ከበር ላይ ሱቅ የሌላ ፋብሪካ ሳሙና ገዝቶ መጣ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሳሙናዋን ከነእርጥበቷ ኪሴ ውስጥ እደብቃት ነበር። ኮቴ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲነካው አረፋ ያወጣል።

ሰላምታውን ተዉት። አንቀጽ ስድስት «ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ በማድረግ ብቻ ይሆናል» ይላል። ስንት ወር ሳይተያይ የቆየን ሰው በዚህ ሰላምታ እርካ ማለት እንዴት ነው? እኔ እያለሁ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ዘወር ስል ይሳሳማል። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሰባት ሰዎች ተሰልፈው አገኘሁ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩ።

«ተራ» አለች አንዷ፣ አንገቷን ደፍታ።

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ሁለት ሁለት እየሆኑ እየገቡ ይሳሳሙ ኖሯል። ሰልፉ ላይ የቆሙት ደግሞ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ስለነበር እንደ ጥፋተኛ ልጻፋቸው ወይስ እንደ አርአያ፣ ግራ ገባኝ። ምሳ ላይም ያው ነው። ጉርሻ ከለከልኩ። ከድር ክንዱ ረጅም ነው፤ ጠረጴዛውን ተሻግሮ እያጎረሰ፣ «መመሪያህ ስለ ሰው ርቀት እንጂ ስለ ክንድ ምንም አይልም» አለኝ። ገልጬ አየሁት፤ እውነትም አይልም።

በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ እትዬ በለጡ። ቢሮውን የሚያጸዱት፣ ሻይ የሚያፈሉልን እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ሱሉልታ ስለሆነ ሰርቪሱ ከሁሉም አስቀድሞ የሚያነሳው እሳቸውን ነው። ከተመለስን ጀምሮ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሰበታ ይደርሳሉ። ሻዩን ጠረጴዛ ጥግ ላይ አስቀምጠው፣ ቀና ብለው ሳያዩን ይወጣሉ። ምሳቸውን ከውሃ ታንከሩ ሥር ለብቻቸው ይበላሉ። «እንደምን አደሩ» ስንላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉናል።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? መመሪያዬን ያነበበ ሰው ተገኘ!

ለማረጋገጥ ብዬ አንድ ቀን ሜትር ይዤ ጠጋ አልኳቸው። ወደ ኋላ አሉ። አንድ እርምጃ ጨመርኩ፤ እሳቸውም አንድ እርምጃ ሸሹ። እኔ ስጠጋ እሳቸው ሲሸሹ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርነው።

«ሰውዬ፣ ሴትዮዋን ተዋቸው!» አሉኝ ኦቦ ደቻሳ ከበር ላይ።

«ሥራ ላይ ነን!» አልኳቸው።

ስለካው ሦስት ሜትር ከሀያ ሆነ። መመሪያው የሚጠይቀው ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ «ከሚጠበቀው በላይ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ጠራሁ። ወንበሮቹን ሁለት ሁለት ሜትር አራርቄ ስደረድር የመጨረሻው ረድፍ የጭነት መኪናዎቹ መቆሚያ ደረሰ፤ እዚያ የደረሳቸው ሰዎች ስብሰባውን የተከታተሉት በስልክ ነው። ሰርተፍኬት አሠርቼ ነበር፤ በላስቲክ የተለበጠ፣ ዳር ዳሩ አበባ ያለበት። «ርቀታቸውን በመጠበቅ ለሁላችንም አርአያ ለሆኑት ለወይዘሮ በለጡ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ፈርመውበታል።

«እትዬ በለጡን ተመልከቱ!» ብዬ ጀመርኩ። «ማንንም አይጠጉም። ማንንም አያናግሩም። ሁላችንም እንደ እሳቸው ብንሆን ኖሮ ይህ በሽታ ሰበታን አይረግጣትም ነበር!»

ሰው አጨበጨበ። ሰርተፍኬቱን በእጅ መስጠት ክልክል ስለሆነ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላቸውና ሁለት ሜትር ወደ ኋላ አልኩ። እትዬ በለጡ ቀስ ብለው መጡ፤ አንስተው አነበቡት፤ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«ይኼ እኮ ኩርፊያ ነው» አሉ። «ኩርፊያ አታውቅም እንዴ አንተ? ምን ርቀት ጠበቅኩ? አኩርፌያችሁ ነው እንጂ!»

ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ቆመ። ከኋላ ያሉት ስልኩ ስለዘገየባቸው ትንሽ ቀጠሉ።

«እናቴ ሞተችብኝ» አሉ እትዬ በለጡ። «ቢሮው በተዘጋ በሁለተኛው ወር። ከዚህ ግቢ የመጣ አንድ ሰው የለም። መምጣቱስ ክልክል ነበር፣ እሺ። ስልኩም ክልክል ነበር? እኔ የማንኛችሁን ለቅሶ ነው የቀረሁት? የከድር አያት ሲያርፉ ማን ነው ቀድሞ የደረሰው? ያንተ አባት ሲሞት ቡራዩ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሳህን ስታጥብ የሰነበተችው ማን ናት?»

እሳቸው ናቸው። ሦስቱን ቀን ያን ሁሉ ሳህን ብቻቸውን ነው ያጠቡት።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ በለጡ፣ እኛ እኮ አልሰማንም» አሉ።

«ለእሱ ነግሬዋለሁ!» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «የሰው ኃይል ነኝ ይል የለ? ደውዬ፣ እናቴ ሞተች፣ ፈቃድ ስጠኝ፣ ለሰዎቹም ንገርልኝ አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ መሰላችሁ? 'ቢሮው ዝግ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም።'»

እውነታቸውን ነው። ብያለሁ። ለሰው ከተናገርኩ ሰው ይሰበሰባል፣ ከተሰበሰበ በሽታው ይዛመታል፣ ቢሮው ሲከፈት እነግራቸዋለሁ ብዬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከዚያ አርባ አንድ አንቀጽ ሳረቅ ብጣሿ የት እንደገባች እንጃ። የሰው እናት ሞት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ጣልኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ በለጡ የሻይ ክፍሉን ቁልፍ ከሰርተፍኬቱ ጋር ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። «በደኅና ተመልሻለሁ፣ በደኅና ሄጃለሁ። ሪፖርትህ ላይ ጻፈው።»

ሲወጡ ኦቦ ደቻሳ በሩን ከፈቱላቸውና ባርኔጣቸውን አነሱ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከቁጣቸው ይልቅ ያስፈራል።

«ነገ ሁላችንም ሱሉልታ ለቅሶ እንሄዳለን።»

«ሀያ ሦስት ሰው አንድ ቤት ውስጥ...» ብዬ ጀመርኩ። «አንቀጽ አሥራ ሰባት...»

«አንቀጽህን እንዳልበላው!» አሉ።

ቢሆንም አስተባባሪነት በቀላሉ አይለቅም። በስንት ልምምጥ፣ ሰው አራት አራት እየሆነ እንዲገባ፣ የቀረው ውጪ ተራርቆ ተራውን እንዲጠብቅ አስፈቀድኩ። ለቅሶን በፈረቃ ያደረገ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም፤ ከእኔም በኋላ አይኑር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ግማሹ በሰርቪሱ፣ ግማሹ በሥራ አስኪያጁ ፒካፕ ሆነን ሱሉልታ ገባን። የእትዬ በለጡ ቤት ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። መጀመሪያ ኦቦ ደቻሳ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ከድርና አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ገቡ። እኔ የመጨረሻውን ተራ ያዝኩ፤ እንደ አስተባባሪነቴ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እንደ ፈሪነቴ።

ከድር በስልክ መልእክት ላከልኝ። «እትዬ በለጡ አይተውን ጓዳ ገብተው ዘጉ። ሳሎን ተቀምጠን በሩን እያየን ነው» ይላል። ጓዳ ዘግተው ከዋሉ ነገሩ አበቃለት።

እኔ በዚህ ስጨነቅ ከማዶ አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ። በዚያ ሰሞን ሱሉልታ ዘይት ከጠፋ ሰንብቷል። ሰው በር ላይ ተሰልፎ ሲታይ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

«ዘይቲ ዹፌ?» አሉኝ። ዘይት መጣ ወይ ማለታቸው ነው።

«አይ እናቴ፣ ለቅሶ ነው።»

«ለቅሶ በሰልፍ?» ብለው ሳቁብኝ። «ብልጥ! ብቻህን ልትወስደው ነው?» አሉና ከኋላዬ ቆሙ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከኋላዬ ሀያ ጀሪካን ተሰለፈ። እኔ ለቅሶ ነው ባልኩ ቁጥር የዘይቱ ነገር እውነት እየመሰለ ሄደ። «ሲደብቁት አታዩም? ጥሩው ዘይት ቢሆን ነው» ይባባላሉ። በእንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ መቼም ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ስም የሚመዘግብ ሰው አይጠፋም፤ እኛም ጋ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ተገኘ። ማንም ሳይሾመው ከፊት ጀምሮ እየመዘገበ እኔ ጋ ደረሰ።

«ሰፈርህ?» አለኝ።

«ቡራዩ» አልኩ፤ ሳላስበው።

«የቡራዩ ሰው የሱሉልታን ዘይት ሊወስድ መጣ!» አለ ጮክ ብሎ። ሰልፉ አጉረመረመ። ስሜ ተሰርዞ ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ እንደገና ተጻፈ። ይህ አልበቃ ብሎ የቀበሌው ሰው በሞተር ብስክሌት ደረሰ።

«እኔ ሳላውቅ ዘይት የሚያከፋፍለው ማን ነው?» አለ።

«ዘይት አይደለም፣ ለቅሶ ነው» አልኩት።

ሰልፉን አየ፤ ጀሪካኖቹን አየ፤ እኔን አየ። «መታወቂያ!» አለኝ።

መታወቂያዬን ስፈልግ ከቤት ውስጥ የወንድ ጩኸት ተሰማ። ኦቦ ደቻሳ ናቸው። በኋላ ከድር እንደነገረኝ፣ በመጨረሻ ተነስተው በጓዳው በር በኩል ተናገሩ። «በለጡ፣ እኔም ለእናቴ አልደረስኩም፤ ሩቅ አገር ነበርኩ። ስሰማ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ብቻ ማልቀስ አያወጣም። ነይ ውጪ፣ አብረን እናልቅስ» ብለው፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ወዲያው የጓዳው በር ተከፈተና የእትዬ በለጡ ድምፅ የኦቦ ደቻሳን ዋጠው። «እናቴን! ሰው ሳያለቅስላት የሄደችውን እናቴን!»

የመጀመሪያዋ ባለ ጀሪካን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«የበለጡ ድምፅ ነው» አሉ። «የእናቷ የአዴ ድንቄ ለቅሶ ነው እንዴ? እኔ እኮ ያን ጊዜ አትሂዱ ተብለን አጥር ለአጥር ሆኜ ነው ያለቀስኩላት። አስከሬኗን ይዘው የሄዱት ስድስት ሰዎች ናቸው።»

ጀሪካናቸውን አጥሩ ሥር አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ተመልሰው ተራቸው ላይ ቆሙ። ሌሎቹም ተራ በተራ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ከሰልፉ የወጣ አንድም ሰው የለም። እንዲያውም ወሬው ሲደርስ ጀሪካን ያልያዘው ሁሉ እየመጣ ተሰለፈ፤ ሰልፉ አስፋልቱን ነካ። ባለ ደብተሩ ኮፍያውን አውልቆ አራት አራት ስም በቀስታ መጥራት ጀመረ። የቀበሌው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላዬ ቆመ። መታወቂያዬን ረስቶታል።

ቤት ውስጥ የገባ ሁሉ እያለቀሰ ይወጣል፤ የሚወጣው ደግሞ አይሄድም፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ሲሏቸው፣ እግዜር ያጽናሽ ማለታቸው ነው፣ እትዬ በለጡ እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቁ ከአጥሩ ውጪ ይሰማኛል። ርቀት የሚባል ነገር ውስጥ ቀርቶ ውጪም አልነበረም። እኔም አልለካሁም።

ተራዬ የደረሰው ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነው። የቀበሌው ሰው አብሮኝ ገብቶ «ነፍስ ይማር» አለና ትንሽ ተቀምጦ ወጣ። ሰርቪሱ ውስጥ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሱን ተውኩት። በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

«ወዲህ» አሉኝ እትዬ በለጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ዓይናቸው አብጧል። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እትዬ በለጡ፣ ያን ሁሉ አንቀጽ ስጽፍ የእርስዎን አንዲት ስልክ...» አለቀስኩ። ለአዴ ድንቄ ይሁን፣ ለአባቴ ይሁን፣ ለራሴ ሞኝነት ይሁን፣ ለይቼ አላውቅም። እሳቸውም አላባበሉኝም፤ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው አዩኝ።

«የሐዘን ፈቃድ ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት ቀን።»

«ከሰኞ ጀምሮ ጻፍልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! እናቴ ሞታብኛለች እኮ!»

ሥራ የለቀቀ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየ፤ ሲገባኝ ግን ተነስቼ ሮጥኩ። ከባለ ደብተሩ ጥቂት ገጾችና እስክሪብቶ ለምኜ ተመልሼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንባዬ አበላሸው። ሁለተኛውን ቀኑን አሳስቼ ቀደድኩት። በሦስተኛው «ለወይዘሮ በለጡ፣ እናታቸው ስላረፉባቸው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሐዘን ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል» ብዬ፣ «ወደ ሥራ የሚመለሱት» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሐሙስ» አሉ።